የተከፋ ፊት ስሞች፦ የትካዜና የኩርፊያ ቃላት ታሪክ

ትካዜ፣ ቁዘማ፣ ኩርፊያ፣ ብስጭትና ንጭንጭ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሁሉም ደስታ የራቀውን ሰው ይገልጻሉ፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የተከዘ ሰው ከሐሳቡ ጋር ነው። ማንም አልበደለው ይሆናል፤ ቢያናግሩት ዝግ ብሎ ይመልሳል፣ እንግዳ ቢመጣ ተነሥቶ ይቀበላል። ያኮረፈ ሰው ግን የሚያኮርፍበት ሰው አለው። ዝምታው የታሰበበት ነው፤ ያ ሰው እንዲያውቅለት፣ አውቆም እንዲለምነው ይፈልጋል። የተለመነ ዕለት ኩርፊያው ያበቃል። «የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» የተባለውም እስኪለመን ድረስ ከማዕዱ ርቆ የሚቆየው ራሱ ስለሆነ ነው። ነጭናጫ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ለትንሹም ለትልቁም ያጉረመርማል፣ ማንን እንደሚወቅስ ግን ሁልጊዜ ለይቶ አያውቀውም።

እነዚህን ቃላት የሐዘኑ ወይም የቁጣው ብዛት አይለያቸውም። መለያቸው ሦስት ነው፦ ስሜቱ ወደ ማን እንደዞረ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የዕለት ሁኔታ ወይም የሰውየው ጠባይ መሆኑ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ይበልጣል። ትካዜና ቁዘማ ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ቁጣና ብስጭት ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ኩርፊያ ግን ወደ ውጭ የተላከ፣ በውስጥ የተዘጋ ስሜት ነው። ትርጉም የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በዚህ በሦስተኛው ስፍራ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ በዚሁ ስፍራ ብዙ ቃላት አከማችቷል። ግሉሚ፣ ግለም፣ ሰለን፣ ሰልኪ፣ ሞሮስ፣ ሰርሊ፣ ዱወር፣ ክራብድ፣ ሳተርናይን የሚባሉት ቅጽሎች ሁሉ ፊቱ ያልተፈታ ሰውን ይገልጻሉ። ወደ አማርኛ ሲመጡ «ፊቱ የጠቆረ» ወይም «ኩርፍተኛ» በሚል አንድ ጆንያ ይታሰራሉ። በዶዮገና ችግሩ ድርብ ነው። በከምባታ ዞን በምትገኘው በዚህች የእንሰት ደጋ ልጅ በቤቱ ከምባትኛ ይናገራል፤ ከጎረቤት ሀድያ ጋር ሲገበያይ ሀድይኛ ይሰማል፤ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትና ከሬዲዮ ያገኘዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ መማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። ሰለን የሚለውን ቃል በአማርኛ ፍቺ አጥንቶ በከምባትኛ የሚያስብ ተማሪ ከቃሉ ጋር የሚገናኘው ሁለት በር አልፎ ነው። በየበሩ አንዳንድ ነገር ይቀራል።

የእንግሊዝኛዎቹን ልዩነት ለመያዝ ከየት እንደመጡ ማየት ይረዳል፤ የትውልዳቸው ምልክት ገና አልጠፋም። ሰለን በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ የገባ ሲሆን ሥሩ «ብቻውን» የሚል የላቲን ቃል ነው። መጀመሪያ የተናገረው ስለ ብቸኛ ሰው ነበር፤ በኋላ ከሰው መራቅን መርጦ ቂሙን በዝምታ ለሚያብላላ ሰው ስም ሆነ። ሰልኪ በ18ኛው መቶ ዘመን የታየ የቅርብ ቃል ነው። እንደ ሰለን ዝምተኛ ቢሆንም የልጅነት ጠባይ አለበት፤ የፈለገውን ሲከለከል ከንፈሩን የሚጥል ልጅ ወይም እንደ ልጅ የሚሆን አዋቂ ሰልኪ ይባላል። በዚያው መቶ ዘመን እንግሊዞች አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበትን ባለሁለት ጎማ ቀላል የፈረስ ጋሪ በዚሁ ቃል ሰይመውታል፤ ባለጋሪው ጎረቤት ሊያሳፍር አይችልምና። ጋሪ መጋራትን ለለመደ የሆሳዕና መንገደኛ ስሙ ምን ያህል እንደሚስማማ ግልጽ ነው። አማርኛው ኩርፊያ ከሁሉ ይልቅ ለሰልኪ ይቀርባል፤ ሁለቱም መለመንን ይጠብቃሉ። ሰለን ግን ቢለምኑትም ቶሎ አይፈታም፤ ለእርሱ «አቄመ» የሚለው ይበልጥ ይጠጋል።

ሞሮስ ከሁሉም ይልቅ ለአማርኛ ተናጋሪ ሊገባ የሚገባው ቃል ነው። የላቲኑ ምንጭ «ልማድ፣ ጠባይ» ከሚለው ስም የወጣ ሲሆን የራሱ አመል የበዛበት፣ የሚያስደስተው የጠፋ ሰው ማለት ነበር። አማርኛ ከአመል «አመለኛ»ን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። አመል በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ አመለኛ ሲባል ግን አስቸጋሪው ብቻ ይታሰባል፣ በቅሎም ብትሆን። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ከ«ልማድ» ተነሥተው «ክፉ ጠባይ» ላይ መድረሳቸው ሰው ሌላውን የሚታገሠው እስከ አመሉ ድረስ መሆኑን ያሳያል። ዛሬ ሞሮስ የሚባለው ሰው ኮምጣጣ፣ ከሰው ጋር መጫወት የማይወድ፣ ጨለምተኛ ነው። ኩርፊያ የዕለት ነው፤ ሞሮስ ግን የዕድሜ ልክ ጠባይ ሊሆን ይችላል።

ሰርሊ የተወለደው በጌቶች ሰፈር ነው። እንግሊዞች ባለማዕረግን «ሰር» ብለው ይጠራሉ፤ ቃሉ በ16ኛው መቶ ዘመን የተነሣው ከዚያ ሲሆን «ጌታ ጌታ የሚል» እንደማለት ነበር። ያን ጊዜ ቢተረጎም «ጀነን ያለ» የሚለው ይስማማው ነበር። ከጊዜ በኋላ ኩራቱ ቀረና ሻካራነቱ ብቻ ተረፈ፤ ዛሬ ሰርሊ ሲጠይቁት በቁጣ የሚመልስ፣ ፊት የሚነሣ ሰው ነው። ስለዚህ ከሰለን የሚለየው በአፉ ነው፤ ሰለን ዝም ይላል፣ ሰርሊ ይመልሳል፤ መልሱ ግን ያቆስላል። ዱወር ከስኮትላንድ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ጠጣር» የሚል የላቲን ቃል ነው። ደረቅ፣ ኮስታራ፣ ፈገግታ የማይገዛው ሰው እንጂ የተቆጣ ሰው አይደለም። «ኮስታራ» በአማርኛ አንዳንዴ ምስጋና እንደሚሆነው ሁሉ በዱወርም ውስጥ የጥንካሬ ቅሪት አለ። ክራብድ ከሸርጣን ስም የተወሰደ ነው፤ እንደ ሸርጣን አካሄዱ ጠማማ፣ ቢነኩት የሚቆነጥጥ ማለት ነው። ሳተርናይን ደግሞ ከሰማይ የወረደ ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች ሳተርን፣ የኛዎቹ ዙሐል የሚሉት፣ ቀዝቃዛና ዘገምተኛ ፈለክ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር በእርሱ ሥር የተወለደው ሰው ፊቱ የከበደ፣ የማይቀረብ ይሆናል ይሉ ነበር።

ግሉሚና ግለም ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ግንባር መቋጠርን ከሚገልጽ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ግሥ ጋር ይያያዛሉ። የተቋጠረው ግንባር ቀድሞ፣ የጨለማው ትርጉም በኋላ መጣ፤ ቃሉ ለብርሃን መጥፋት የዋለው በ17ኛው መቶ ዘመን በነሚልተን ጽሑፍ ነው። በእንግሊዝኛ ፊት ለሰማይ ስም አበደረ ማለት ነው። በአማርኛም «ጨፈገገ» ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ይጨፈግጋል፣ ክፉ ወሬ የሰማ ሰውም ፊቱ ጭፍግግ ይላል። ግሉሚን ለመተርጎም ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም፤ ተስፋ የማይታይበት ስሜትና ፀሐይ የማይታይበት ቀን አንድ ላይ ይዟልና። ግለም ትንሹ ወንድም ነው፦ አፍ የሚያሲዝ፣ ትከሻ የሚጥል፣ ነገ ሊተው የሚችል ቁዘማ።

ከዚህ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ የሕክምና ሐሳብ አለ። የጥንት ግሪኮች ሰውነት በአራት ፈሳሾች እንደሚተዳደር ያስተምሩ ነበር፤ በሂፖክራተስ ስም የተላለፈውን ይህን ትምህርት በ2ኛው መቶ ዘመን ጋሌን አጸናው። ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ሲመጣጠኑ ሰው ጤነኛ ነው። ጥቁሩ ሐሞት ከበዛ ይተክዛል፤ ሜላንኮሊ ማለትም በግሪክኛ ይኸው «ጥቁር ሐሞት» ነው። ቢጫው ከበዛ ቁጡ ይሆናል። ሮበርት በርተን እ.ኤ.አ. በ1621 በዚሁ በሜላንኮሊ ላይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ጆርጅ ቼይን የተባለው ሐኪም በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ትካዜን የእንግሊዞች ሕመም ብሎ ሰየመው፤ ከምክንያቶቹም እርጥቡን አየራቸውን ቆጠረ። ፈሳሾቹ ከሕክምና ከወጡ ቆይተዋል፤ ቃላቱ ግን በእንግሊዝኛ ቀርተዋል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ስሜትን በሰውነት ክፍል የመጥራት ልማድ አላቸው፤ ክፍፍሉ ግን ሌላ ነው። በአማርኛ ሐሞት የጀግንነት ማደሪያ ነው። «ሐሞተ ኮስታራ» የሚባለው ደፋር ነው፤ «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚባለው ወኔው የከዳው ነው፤ ሐሞተ ቢስ ማለት ፈሪ ነው። ግሪክ ሐዘንን ያስቀመጠበት ከረጢት ውስጥ አማርኛ ድፍረትን አስቀመጠ። ይህ በቃል በቃል ትርጉም ላይ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። እንግሊዝኛም ራሱ ተቃራኒውን ጉዞ አድርጓል፦ ሙዲ የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ደፋር፣ ኩሩ» ማለት ነበር፤ ከዚያ ወደ ቁጣ፣ ከቁጣ ወደ ቁዘማ ወርዶ ዛሬ ስሜቱ የሚለዋወጥበትን ሰው ይገልጻል። ሳድ፣ ማለትም «ያዘነ»፣ መጀመሪያ «የጠገበ» ማለት ነበር፤ ከጥጋብ ወደ መክበድ፣ ከመክበድ ወደ መሰልቸት፣ ከዚያ ወደ ሐዘን ደረሰ። በአማርኛ የጠገበ ሰው ይደነፋል እንጂ አያዝንም።

የአማርኛ ሐዘን በሆድና በአንጀት ያድራል። «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሰው ያዘነው ለራሱ ነው፤ አንድ ሰው ቸል ብሎታል፣ ወይም የተውት መስሎታል፤ እንባው ቅርብ ነው፤ ቁጣ ግን የለበትም። ለዚህ ስሜት እንግሊዝኛ አንድ ልክ የሆነ ቃል የለውም። ቁጣና ብስጭት ግን ከምድጃ ይቀዳሉ፦ ነደደ፣ ተቃጠለ፣ አረረ፣ በገነ፣ ጨሰ፣ ገነፈለ፣ ቱግ አለ። «ንዴት» የሚለውን ስም የሚናገር ሁሉ እሳቱን ረስቶታል፤ «አንጀቴ አረረ» የምትል እናት ግን የድስቱን ቂጥ እያየች የምትናገር ይመስላል። ኩርፊያ ከሰማይም ከምድጃም አይደለም፤ ጓደኞቹ የመዝጋትና የመቋጠር ቃላት ናቸው፦ «ዘጋኝ»፣ «ተዘጋጉ»፣ «ግንባሩን ቋጠረ»፣ «ቂም ቋጠረ»። ሰማይ ለትካዜ፣ እሳት ለቁጣ፣ የተዘጋ በር ለኩርፊያ፤ አማርኛ ሦስቱን አቅጣጫዎች በሦስት ሥዕል ለይቷቸዋል።

ተቀራራቢ ስሜቶችን በጥንቃቄ የመለየት ሥራ ከመዝገበ ቃላት ይቀድማል፤ መነኮሳት ጀምረውታል። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው አባ አውግሪስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ሐዘንን ለብቻ፣ ቁጣን ለብቻ፣ አኬዲያ የሚለውን ደግሞ ለብቻ አስቀመጠ። አኬዲያ ቀትር ላይ የሚመጣ ነው፤ ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች፣ መነኩሴው በዓቱን ይጠላል፣ ጎብኚ የሚመጣ እንደሆነ በመስኮት ደጋግሞ ያያል። ሐዘን አይደለም፤ ስንፍናም ብቻ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሮማው ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን ሲያሳጥር ሐዘንንና አኬዲያን አንድ አደረጋቸው፤ አንድ ጥሩ ልዩነትም ለዘመናት ደበዘዘ። የአውግሪስ ጽሑፎች ወደ ግእዝ ተተርጉመዋል። መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊም በኢትዮጵያ ገዳማት ሲነበቡ የኖሩ፣ የልብን መውደቅና መነሣት የሚመረምሩ ናቸው።

በቃል ላይ ቃል የማስቀመጡ ሙያም በኢትዮጵያ አሮጌ ነው። ሰዋስው የሚባሉት የብራና ጽሑፎች የግእዝን ቃል በአማርኛ ይፈቱ ነበር፤ ሰዋስው ማለት መሰላል ነው። ሐዘንና ትካዝ ከግእዝ የወረዱ፣ ቍጥዓም ቁጣ የሆነ በመሆኑ የአማርኛ ተማሪ የእነዚህን ቃላት ሥር ከቅኔ ቤት ያገኝ ነበር። ኩርፊያ ግን የመጽሐፍ ቃል አይደለም። በፊደል የሚመስሉት በሰሜን የሚጠመቀው ኮረፌና የእንቅልፋሙ ማንኮራፋት ሁለቱም የቤትና የጓዳ ናቸው።

ከባሕር ማዶ ሰዎች አማርኛን በመዝገብ ለመያዝ የሞከሩት ከኢትዮጵያውያን አፍ እየሰሙ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ መጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ሄደው አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ የሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላት የታተመው ከዚያ 40 ዓመት በኋላ በ1698 ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አላየም። የተከዘ ሰው በአማራ ምድር እንዴት እንደሚቀመጥ ያወቀው ከአንድ መነኩሴ ትረካ ብቻ ነው፤ ያን ያህል ማወቁም ያስደንቃል።

አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ መዝገብ ፊት ለፊት የተቀመጡት እ.ኤ.አ. በ1841 ሚስዮናዊው ካርል ኢዘንበርግ በለንደን ባሳተመው ሥራ ነው። አንቷን ዳባዲ በ1881 በፈረንሳይኛ፣ ኢኛሲዮ ጉይዲ በ1901 በጣሊያንኛ፣ አርምብሩስተር ከ1908 ጀምሮ በተከታታይ ቅጾች በእንግሊዝኛ ቀጠሉ። ከጉይዲ ጋር በሮም የሠሩት ክፍለ ጊዮርጊስ የራሳቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረከቡት፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ አንድ መጽሐፍ ተቀባበለ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከተሰማ ሀብተ ሚካኤል የ1951 ዓ.ም. ከሣቴ ብርሃን ጋር አማርኛን በአማርኛ የሚፈቱ ዋና መሠረቶች ናቸው። የእነዚህ ሥራዎች ታላቅነት ቃልን ከሥሩ ጋር ማሰራቸው ነው፦ አኮረፈ፣ ተኳረፈ፣ ኩርፊያ፣ አኩራፊ በአንድ ቦታ ይቆማሉ። እርባታውን የሚያይ አንባቢ «ተኳረፈ» የሚለውን ሲያገኝ ኩርፊያ ሁለት ሰው የሚሳተፍበት ነገር መሆኑን ያለ ሌላ ማብራሪያ ይረዳል።

በአውሮፓ በዚያው ዘመን ተቀራራቢ ቃላትን መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ነበር። ፈረንሳዊው አባ ዢራር እ.ኤ.አ. በ1718 አንድ ትርጉም ያላቸው የሚመስሉ ቃላት በእርግጥ አንድ እንዳልሆኑ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። በእንግሊዝ የሳሙኤል ጆንሰን ወዳጅ የነበረችው ሄስተር ፒዮዚ በ1794፣ ጆርጅ ክራብ በ1816 ተከተሉት። ሐኪሙ ፒተር ሮዤ በ1852 ቃላትን በትርጉም ቤተሰብ ሰብስቦ አሳተመ፤ እርሱ ግን ሰበሰበ እንጂ አልለየም፤ ብዙ ተማሪ በሮዤ የሚሳሳተውም ስለዚህ ነው። የአሜሪካኖቹ ዌብስተር በ1942 የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ሲያወጡ የዢራርን መንገድ ይዘው እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ለዩ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ መለየት የቀረበው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት አምሳሉ አክሊሉና ጂ. ፒ. ሞስባክ የተማሪ እጅ ያልተለየውን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በአዲስ አበባ አሳተሙ፤ ወልፍ ሌስላው ደግሞ የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላቱን በጀርመን አወጣ። የሌስላው ብልሃት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ለስሜት ቃላት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ሰለንን በአንድ የአማርኛ ቃል መፍታት ከኩርፊያ ጋር ያደባልቀዋል፤ ማን በማን ላይ ምን ያህል እንደቆየ በሚያሳይ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ሰለን ማንንም አይመስልም። ቶማስ ሌይፐር ኬን በ1990 ባሳተመው ባለሁለት ቅጽ ሥራ በአማርኛ በኩል ያለውን ሀብት ይበልጥ አሰፋው።

ከምባትኛና ሀድይኛ ወደ ጽሑፍ የገቡት በሌላ መንገድ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን ሲያቅፍ ሁለቱም በግእዝ ፊደል መማሪያ ሆኑ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ተሸጋግረው የትምህርት ቤት ቋንቋዎች ሆኑ። በዚያ ጽሕፈት የአናባቢ ርዝመትና የተነባቢ መጥበቅ ፊደል በመደጋገም ይታያል። ግሮቨር ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ሀድይኛን፣ ከምባትኛን፣ ሲዳምኛን፣ ጌድኦኛንና ቡርጂኛን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ኢቮን ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2008 የከምባትኛን ሰዋስው፣ አለሙ ባንታ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ከምባትኛን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አወጡ። በዚህ መጽሐፍ የዶዮገና ተማሪ ሦስቱን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ አገኛቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደጊነት ወታንጎ ዶይሶና ትራይስ የሳንቴግዙፔሪን «ትንሹ ልዑል» ወደ ከምባትኛ መለሱት። ሲያዝን የፀሐይ ግባትን ደጋግሞ የሚያይ ልጅ ያለበት መጽሐፍ ነው፤ ተርጓሚ ለዚያ ልጅ ከቁጣ የራቀ፣ ከኩርፊያም የተለየ ሐዘን ማግኘት አለበት።

ከምባታ ግን ተቀራራቢ ቃላትን የመምረጥ የራሷ ጥብቅ ትምህርት ቤት ነበራት። ባሊሻ በሚባለው ልማድ ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምሩ ቃላትን ሁሉ ትሸሻለች። ትራይስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጥናት እንደተገለጸው ሴቲቱ በተከለከለው ቃል ፋንታ ለዚሁ የተለመደ ምትክ ትጠቀማለች፣ ወይም ዘመድ ቃል ትፈልጋለች፣ ወይም ነገሩን ዙሮ በመግለጽ ታልፈዋለች። የአማቷ ስም ቁጣን ከሚጠራው ቃል ጋር ከተጋጨ ቁጣን በሌላ ቃል መናገር ግድ ነው። በአንድ መንደር ያሉ ሁለት ሚስቶች የሚሸሿቸው ቃላት ስለሚለያዩ አንዷ የሌላዋን ምትክ መረዳት ነበረባት። ልጆቹም ይህን እየሰሙ አድገዋል፤ አንድን ነገር በሁለትና በሦስት ቃል ማወቅ በዚያ ቤት የአክብሮት ግዴታ ነበር። ልማዱ ዛሬ በአብዛኛው በአዛውንት ሴቶች ዘንድ ነው ያለው፤ ከእርሱ ጋር የሚጠፋው የቃል ብልሃት ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ያነሰ አይደለም።

የስሜት ቃላት ልዩነት ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ የሰው ጤና ጉዳይ የሆነበት ቦታም ከዶዮገና ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገጠር ጤና ምርምር ማዕከል ሆናለች፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐኪሙ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ የአእምሮ ሕመምን በገጠሩ ሕዝብ መካከል ያጠኑት እዚያ ነው። ለእንዲህ ያለ ጥናት መጠይቅ ያስፈልጋል፤ መጠይቁም ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት። ቻርሎት ሀንሎንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሁለት መጠይቆችን በነፍሰ ጡሮችና በአራሶች ላይ መዘኑ። አንዱ በስኮትላንድ በ1987 የተዘጋጀው የኤድንብራ መጠይቅ ሲሆን ለ10 ጥያቄዎች ስሜትን በአራት ደረጃ እየከፋፈለ ያስመርጣል። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ20 ጥያቄ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው፤ ከሐዘንና ከለቅሶ ጋር ራስ ምታትን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ እንቅልፍን፣ የሆድን መረበሽና ድካምን ይጠይቃል። በቡታጅራ ገጠር የተሻለው ሁለተኛው ሆነ። ሐዘኗን «ሆዴ» ብላ የምትጀምር ሴት ስለ ሆዷ ብትጠየቅ ትመልሳለች፤ ደስታዋ ከወትሮው በስንት ደረጃ እንደቀነሰ መጠየቅ ግን ከሌላ አገር የመጣ ጥያቄ ነው።

ሐኪሞች ለሕመሙ ራሱ የሚሰጡት ስምም ታሪክ አለው። በእንግሊዝኛ ሜላንኮሊያን ትቶ ወደ ታች መጫንን በሚገልጸው በዲፕሬሽን የመጥራቱ ሐሳብ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን አዶልፍ ማየር የተባለው ሐኪም ተሟግቶለታል። በአማርኛ ለዲፕሬሽን ጭንቀት፣ ትካዜና ድብርት ሁሉም ተሞክረዋል። ጭንቀት ገና ያልመጣን ነገር መፍራት ስለሆነ አልሆነም። ትካዜ የጤነኛ ሰው ባሕርይም ነው፤ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይተክዛል። ድብርት ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን በከተማ ወጣት አፍ «ደበረኝ» ማለት ፊልሙ አላስደሰተኝም፣ ሰውየው አልጣመኝም እስከ ማለት ተለጥጧል። በቅርብ ዓመታት የአእምሮ ሐኪሞችና መገናኛ ብዙኃን «ድባቴ» የሚለውን ለሕመሙ ለይተው ይዘዋል፤ ለድብርት ቢቀርብም በመንገድ ላይ ስላልተቀለደበት ክብደቱን ጠብቋል። ሁለቱን የሚለያያቸው ሕክምና የሚጠቀምበት የጊዜ ልክ ነው፤ ድብርት ከሰዓት በኋላ ሊለቅ ይችላል፣ ድባቴ ለመባል ግን የወረደው ስሜት ወይም የደስታው መጥፋት አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መዝለቅ አለበት።